ፍራሽ በእግር አይገዛም

በእግሩ መጥቶ ፍራሽ የሚገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ዳቦ በእግር ይገዛል፤ ክኒን በእግር ይገዛል። የባልና ሚስት ፍራሽ ግን ተጣጥፎ ኪስ አይገባም። ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ነገሩ ያልገባቸው እዚያ የገቡት ናቸው።

ሱቃችን ከከተማው ዳር፣ ትልቁ መንገድ ከሚታጠፍበት ላይ ነው። ሱቆቹ በአንድ ረጅም ጣሪያ ሥር ተደርድረዋል፤ ከፊታቸው ኳስ ሜዳ የሚያህል አስፋልት አለ፣ መኪና ማቆሚያ። በፀሐይ ይነድዳል፣ በዝናብ ኩሬ ይሆናል። ውብ ነው አላልኩም። የእኛ ነው ነው ያልኩት። እያንዳንዱ ባለሱቅ ጠዋት ሲመጣ መኪናውን ደጃፉ ላይ ያቆማል፤ እስኪመሽ አያነሳውም። ደንባችን ነው፤ መኪናው ካለ ሰውየው አለ። የእኔ ነጭ ፒካፕ በሩ ላይ ካልታየች ደንበኛ "ዛሬ አልገባም" ብሎ ዞሮ ይሄዳል።

መሐንዲሷ የመጣችው ይህንን ሜዳ ልታጠፋ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ተልካ፣ ባለሱቆቹን ሰብስባ፣ አንድ ትልቅ ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጠፈችልን። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር። መኪና በጀርባ በኩል ብቻ። በሥዕሉ ላይ የሚንሸራሸሩት ሰዎች ሁሉ ቀጫጭንና ደስተኞች ነበሩ፤ አንዳቸውም ፍራሽ አልተሸከሙም።

"ጋሼ፣ ሰው ሱቅ የሚያየው በእግሩ ሲሄድ ነው" አለችኝ።

"አይቶስ? ዓይን ፍራሽ አይሸከም።"

"ከጀርባ መጫኛ ይኖርዎታል።"

"የእኔ ሱቅ ጀርባ የለውም!"

እውነቴን ነው። ሱቁ የአባታችን ነበር። እሱ ሲያርፍ እኔና ታላቅ እህቴ መሀሉ ላይ ግድግዳ አቁመን ተካፈልነው፤ ሰፊው መስኮት ለእኔ ደረሰ፣ የጀርባው በር ለእሷ። እሷ ዳቦ ቤት ከፈተችበት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የእኛ እናት ግን አበዛችው። ግድግዳው ከቆመ ወዲህ እትዬ ብዬ ጠርቻት አላውቅም። ጉዳይ ካለኝ ግድግዳውን በቡጢ እመታለሁ፤ እሷም በሊጥ መዳመጫዋ ትመልስልኛለች።

በስብሰባው ላይ መጀመሪያ የተነሳችው ማን መሰለቻችሁ? እሷው። "እኔ ደግፌያለሁ" አለች፣ እጇ ላይ ዱቄት እንዳለ። "ደንበኞቼ አስፋልቱን ሲሻገሩ መኪና ፈርተው እንደ ሌባ ነው የሚሮጡት። አሮጊት አትመጣም፣ ልጅ የያዘች አትመጣም።" የእናቴ ልጅ! አስፋልቱ ከጠፋ ሱቄ እንደሚዘጋ እያወቀች። ደሜ ፈላ።

መሐንዲሷ ነገሩን ለማብረድ አንድ ሐሳብ አመጣች። ሜዳውን ከጣሪያ ላይ ሆነው ቀኑን ሙሉ ፎቶ ሊያነሱት ነው፤ እውነት በገበያተኛ መኪና የሚሞላ ከሆነ ግማሹን ይተዉልናል። የሚያነሱበትን ቀንም ነገረችን። የዋህ ናት አልኩ በልቤ።

ስብሰባው እንዳበቃ መድኃኒት ሻጩንና ቀጭኔ የምንለውን ቀለም ነጋዴ ሱቄ አስገባኋቸው።

"ሞልቶ ማየት አይደል የፈለጉት?" አልኩ። "እንሞላዋለና!"

ሞላነው። መድኃኒት ሻጩ የሚስቱን መኪና አመጣ። ቀጭኔ የአማቹን ሚኒባስ አመጣ። እኔ የአክስቴን ልጅ ጎማ የሌላት መኪና በጭነት አስመጥቼ ጥግ ላይ አስቀመጥኳት። ሌሎቹም ባለሱቆች ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አንቀሳቀሱ። ገና ሳይረፍድ መርፌ መጣያ ቦታ ጠፋ። በር ላይ ቆሜ ሳየው ደስታ አሰከረኝ።

በእርግጥ የቆመች መኪና ፍራሽ አትገዛም። ደንበኛ መጥቶ ይዞራል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ይሰድባል፣ ይሄዳል። ለእንግዳ ማረፊያው ክፍሎች ሁሉ ፍራሽ ሊጭን የመጣ ሰውዬ እንኳ ከነከባድ መኪናው ሁለቴ ዞሮ እጁን አወናጭፎብኝ ሄደ። ለትልቅ ነገር ትንሽ ይከሰራል ብዬ ቻልኩት። ከግድግዳው ወዲያ ግን የዳቦ ቤቱ በር ሲከፈት ሲዘጋ ዋለ። የእሷ ሰዎች ከኋላ ሰፈር በእግራቸው ነው የሚመጡት።

በሚቀጥለው ስብሰባ መሐንዲሷ ፎቶዎቹን ተራ በተራ ግድግዳው ላይ አበራቻቸው። የጠዋት። የቀትር። የማታ። ጥላው ይዞራል፤ መኪኖቹ ንቅንቅ የለም።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አለች በትሕትና፣ ጥግ ላይ ያለችውን እያሳየች። "ይቺኛዋ ጎማ የላትም። ገበያተኛው እንዴት አድርጎ ነድቷት መጣ?"

እህቴ ተነሳች።

"ነጯ ፒካፕ የወንድሜ ናት። ጎማ የሌላትም የእሱ ሐሳብ ናት። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሲዶልቱ ሰምቻለሁ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ቀጭኔ ሳይቀር ሳቀ፣ ጎማ የሌላትን ከጭነት መኪናው ላይ ስናወርዳት በእጁ ደግፎ የነበረው ቀጭኔ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ሊተዉልን የነበረውም ግማሽ በዚያው ቀረ።

ውጭ ጠበቅኳት።

"አዋረድሽኝ!"

"ተዋርደህ ነው ያገኘሁህ። እኔ የመኪናዋን ባለቤት ነው የተናገርኩት።"

"ሱቄን ልታዘጊ ነው!"

"የጀርባው በር አለ። በአፍህ ለምነኝና ፍራሽህን በእኔ በኩል አውጣ።"

"ሞቼ እገኛለሁ!"

"ያኔም ሬሳህ የሚወጣው በእኔ በር ነው" ብላኝ ሄደች።

አስፋልቱን ቆፍረው አነሱት። ድንጋይ ተነጠፈ፣ እንደ ሸምበቆ የቀጠኑ ዛፎች ተተከሉ፣ ወንበር ተደረደረ። ሰውም መጣ፤ የት እንደነበር እንጃ። በመስኮቴ ያያሉ፣ ይገባሉ፣ ፍራሹን ይጫኑታል፣ አንዳንዱማ ጋደም ይላል። ከዚያ "በምን እናደርሰዋለን?" ብለው ይወጣሉ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እኔና ጫኙ እየተሸከምን እስከ ትልቁ መንገድ እናደርስ ጀመር። ጫኙ ከእኔ ጋር ያረጀ ሰው ነው። "ጌታው፣ ወገቤ" ይለኛል። "የእኔስ ከብረት ነው?" እለዋለሁ።

አንድ ቀን አዲስ ተጋቢዎች ትልቁን ፍራሽ ገዙ። ተሸክመን ስንወጣ ነፋስ ገባበት። እኔ ወደ ግራ፣ ጫኙ ወደ ቀኝ፣ ፍራሹ ወደ ዛፉ። ወንበር ላይ የተቀመጡት እግራቸውን ሰበሰቡ፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፀኛል። ውሃ የጠገበው የዛፉ ሥር ላይ ከነፍራሹ ተዘረጋሁ።

"ይሄንን አንወስድም" አለች ሙሽሪት።

"ሌላ አለ" አልኩ ከጭቃው ውስጥ።

ጫኙ ቀና አላደረገኝም። ቀጥ ብሎ ሄዶ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆመና "እትዬ፣ እንለፍ?" አለ።

"ግቡ!" አለች፣ ሁለቴ ሳታስጠይቅ።

ሁለተኛውን ፍራሽ ጫኙና ሙሽራው ይዘው በዳቦ ቤቱ ገቡ፣ በጀርባው በር ወጡ፣ መኪናቸው ላይ ጫኑት። ሙሽሪት እግረ መንገዷን ትኩስ ዳቦ ገዛች። እኔ ጭቃ የነካውን ፍራሽ አቅፌ ከሰው ፊት ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ፍራሼ የሚወጣው በዚያ ነው። እኔ ለምኜ አላውቅም፤ የሚለምነው ጫኙ ነው። ፍራሽ ሲያልፍ እህቴ የዳቦ ሣጥኖቿን ገፋ ታደርጋለች፤ ተሰልፎ ዳቦ የሚጠብቀው ሰው "ከየት ነው?" ሲል በአገጯ ወደ እኔ ታሳያለች። ይመጣሉ። በመኪናው ዘመን እንዲህ ሸጬ አላውቅም። መሐንዲሷ ብቅ ብላ "ገበያው እንዴት ነው ጋሼ?" ስትለኝ "ሞቷል" ብያታለሁ።

በሩን ብትከለክለኝ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ልቤ እጠላት ነበር። አልከለከለችኝም። ሱቄን ያተረፈችው እሷ ናት፤ ይቅር የማልላትም ይህንኑ ነው።