ማንጎውን ማን ቆረጠው

ማተሚያው የመጨረሻዋን ገጽ ሲተፋ ሮቤል ወረቀቷን ለባለቤቷ ከመስጠት ይልቅ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ማንበብ ጀመረ። ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤቱ የስንቱ ሰው ጉዳይ አልፏል፤ ክስ፣ የጋብቻ ውል፣ የሞት ማስረጃ። ቢያነብም አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ዛሬ ግን ቀና አለ።

"እነዚህን ዛፎች አንተ ነህ የቆረጥካቸው?"

"አዎ" አለ ዓሪፍ፣ የስልኩን መስታወት በአውራ ጣቱ እየወለወለ።

"እኔ እኮ ከእስክሪብቶ ሌላ የሚይዝ እጅ ያለህ አይመስለኝም ነበር። ጎበዝ ነህ!"

ሮቤል ቅን ሰው ስለሆነ ነገሩ በዚሁ አበቃ። ወረቀቶቹን በፕላስቲክ ማኅደር ከትቶ፣ ሰኞ አዲስ አበባ ኤምባሲ ስትቀርብ እንዳታጣጥፋቸው ብሎ መክሮ ሸኘው። ዓሪፍ ግን መርሳ እስኪደርስ በሚኒባሱ መስኮት በኩል ነፋስ እየመታውም ጆሮው አልበረደም።

ደብዳቤው ዓሪፍ ራሱ የጻፈው፣ የሆላንዱ ዩኒቨርሲቲም አይቶ ነፃ የትምህርት ዕድል የሰጠበት ማመልከቻ ነው። በመንደራችን በግራና የማንጎ ዛፎች በነጭ ተባይ ተመትተው ገበሬው ተስፋ በቆረጠ ጊዜ፣ የግብርና ኮሌጅ ተማሪ የሆንኩት እኔ የመጀመሪያውን ዛፍ አናቱን በገዛ እጄ ቆርጬ አሳየሁ፤ ዛፉ አቆጥቁጦ ንጹሕ ፍሬ ሲሰጥ መንደሩ ተከተለኝ ይላል። ያምራል። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ውሸት ነው።

ዛፉን የቆረጡት ጎረቤታቸው እቴ አሲያ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ጫት ግን ሲመለመል እንደሚታደስ ያውቃሉ። ማንጎስ ከጫት በምን ያንሳል አሉና ከአናጢ መጋዝ ተውሰው አሥራ ሁለት ዛፍ ደረታቸው ድረስ ጎመዱት። አገሩ ሁሉ ዘንድሮስ አሲያ ለየላት አለ። ዓሪፍም ያኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረና ለዕረፍት መጥቶ፣ አጥሩን ተደግፎ፣ የተማረ ሰው ሳቅ ሳቀባቸው። በሦስተኛው ዓመት ፍሬው እጅ በሚደርስበት ቁመት ሲንዠረገግ ያው ሳቂው ሜትርና ደብተር ይዞ መጣ። መለካቱ እውነት ነው፤ ቅጠል እየገለበጠ ተባይ ቆጥሯል። ማመልከቻውን ሲጽፍ መጀመሪያ "አንዲት ገበሬ" ብሎ ነበር። ሲያስተካክለው "እኛ" አለ። ሊልከው ሲል "እኔ" አደረገው። ማን አይቶኝ፣ ሆላንድ የት፣ ግራና የት አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም መባሉን ረሳው።

ከመርሳ በባጃጅ ግራና ሲደርስ ግቢያቸው ሰው ሞልቶበታል። አባቱ ጀብሪል ፍየል አርደው፣ ከአስር ሰላት በኋላ ለልጃቸው ዱዓ አስይዘዋል። ሽማግሌዎቹ በምንጣፉ ላይ፣ ሴቶቹ በጓዳው በር በኩል ተቀምጠዋል። እቴ አሲያ ከሴቶቹ ፊት ናቸው።

በዚያ አገር ዱዓ ያለ ሐጃ አይያዝም። የታመመ ሕመሙን፣ ላም የጠፋችበት የላሚቱን መልክ ሳይቀር ይናገራል፤ ሰው እጁን የሚዘረጋው በተነገረው ጉዳይ ላይ ነው። ዱዓውን የሚመሩት ሸህ ናስር የጫቱን እስር ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዓሪፍን ሐጃውን ጠየቁት። የሰኞው ቀጠሮ እንዲቃና፣ በሰላም ሄዶ ተምሮ እንዲመለስ ተናገረ። አልበቃቸውም።

"እሱ የመንገዱ ነው፣ ልጄ። ምንህን ወደውልህ ነው የጠሩህ? በረካውን የምንለምነው በእሱ ላይ ነው።"

"ደብዳቤው ከእጁ ነው። በአማርኛ ያንብብልን" አሉ ጀብሪል፣ ኩራታቸው ድምፃቸውን እያወፈረው።

ዓሪፍ ማኅደሩን ከፈተ። ከፊቱ መጋዙን ያዋሱት አናጢ ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው፣ ያኔ አሲያን ጠበል ውሰዷት ያሉት ሀይሉ ባለሱቁ አሉ። ዛፉን ማን እንደቆረጠ የማያውቅ አንድ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። "እኔ" የምትለዋን ቃል ዘለላት። ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ የሌለውን ማንበብ ጀመረ። እቴ አሲያ የሚባሉ የግራና ገበሬ፣ ማንም ሳያግዛቸው፣ ሁሉ እየሳቀባቸው... እያለ ወረደ።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሸህ ናስር ለሁለቱም አንድ ላይ ዱዓ አደረጉ፤ አሚኑ ከግቢው አልፎ ተሰማ። እቴ አሲያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አናጢው የመጋዜንም ነገር ጨምርበት ብለው ሰውን አሳቁ። ጀብሪል ልጃቸውን ትከሻው ላይ ያዝ አድርገው፣ የሰው ሐቅ የማይበላ ልጅ ሰጠኝ፣ አልሐምዱሊላህ አሉ። ዓሪፍ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ስልክ ልደውል ብሎ ወጣ።

ገና አጥሩ ጋ ሳይደርስ እቴ አሲያ አንድ ፌስታል ማንጎ ይዘው ተከተሉት።

"ዓሪፍዬ፣ ስሜ የቱ ጋ ነው? እስቲ አሳየኝ።"

ወረቀቱን ዘረጋላቸው። ጣቱ ዝም ብሎ ወርዶ ግርጌው ላይ፣ የራሱ ስም ላይ አረፈ። እሳቸውም ጣታቸውን አሳረፉበትና የሕፃን ፊት እንደሚዳብስ ሰው ቀስ ብለው ዳበሱት። በጣታቸው ላይ መጋዙ የተወው ጠባሳ አለ።

"ይቺን ወረቀት ተውልኝ። ቡርቱካን እሁድ ከመርሳ ስትመጣ ታነብልኛለች።"

ቡርቱካን ልጃቸው ናት፤ አሥረኛ ክፍል፣ በእንግሊዝኛ አንደኛ። ዓሪፍ ወዲያው መላ መጣለት። ነገ ጠዋት ወልድያ ተመልሶ፣ ሮቤል ዘንድ የእቴ አሲያ ስም ያለባትን አንዲት ገጽ አሳትሞ ማምጣት ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ይቺ ቆሽሻለች፣ ንጹሑን አመጣልዎታለሁ ሊል አፉን ከፈተ። ጣታቸው ግን አሁንም ስሙን እየዳበሰ ነበር።

"የለም" አለ።

"ምኑ?"

"የአንቱ ስም። እዚህ ላይ የለም። ይኼ የኔ ስም ነው።"

ጣታቸውን አላነሱም። "ቆራጩን ታዲያ ማን ነው ያልካቸው?"

"እኔ ነኝ ነው ያልኩት።"

ቢሰድቡት በተሻለው ነበር። እቴ አሲያ ግን አልሰደቡትም። የተሳሳተ ነገር እንደሚያርም ሰው፣ "አንተማ ስቀህብኝ ነበር" አሉ።

ዓሪፍ አፈረ። እስከዚያች ሰዓት ሲያፍር የኖረው እንዳይታወቅበት ነበር፤ ከታወቀበት በኋላ ግን እውነተኛው ማፈር ገና መጀመሩ ሆነ። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። እቴ አሲያ ፌስታሉን እግሩ ሥር አስቀመጡ።

"ለመንገድህ ብዬ የለቀምኩት ነው። ያው ውሰደው" ብለው ወደ ቤቱ ዞሩ።

"እቴ አሲያ፣ የአባትዎ ስም ማን ነው?"

"ምን ሊያደርግልህ?"

"ለዩኒቨርሲቲው እውነቱን ልጽፍ ነው። ካስቀሩኝም ያስቅሩኝ።"

ዞረው አዩት። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ አጥር ሲኖሩ ጠይቋቸው አያውቅም።

"የሱፍ" አሉ። "አሲያ የሱፍ ሁሴን።"

ወረቀቱን ገልብጦ፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈው። ከውስጥ አባቱ ተጣሩ፤ ሽማግሌዎቹ ሊነሱ ነው፣ መርቀውህ ይሂዱ አሉት። ዓሪፍ ጫማውን አውልቆ ገባ። ጀብሪል ጎናቸው ቦታ ለቀቁለት። እሱ ግን አልተቀመጠም፤ ወረቀቱን እንደያዘ መሐል ምንጣፉ ላይ ቆመ።

"ሸህ ናስር" አለ፣ "የቅድሙ ሐጃዬ ውሸት አለበት። እንደገና ልናገር።"