የሳጥኑ ወፎች

አያ ባምላክን መጠርጠር ያስተማረው ሰው የለም፤ አብሮት የተወለደ ነው። ሰላም ያለውን ሰው ሁሉ ምን ፈልጎ እንደሆነ ይመረምራል። ዝናብ በወቅቱ ሲጥል እንኳ «ቆይ፣ ይኸ ነገር ኋላ ምን ሊያመጣ ነው» ይላል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ መሃል አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት አገር ሁሉ ይተርተዋል፤ እሱ ግን ገንፎውን በእውነት ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ነው የሚበላው።

በሌላ ሰው ላይ ቢሆን ይህ ጠባይ ያስጠላ ነበር፤ እሱን ግን አስከበረው። ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብላ ባለችው በአሞራ ገደል ከብት ሲጠፋ አውጫጭኝ የሚመራው እሱ ነውና። አውጫጭኝ ሲጠራ መንደሩ ከሚካኤል ደጅ ካለው ወይራ ሥር ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። የሚያውቅ ሰው ታዲያ በአደባባይ አይናገርም። ለዳኛው በምስጢር ሹክ ይላል፤ ይኸ ሰው «ወፍ» ይባላል። ሦስት ወፎች አንዱ የሌላውን ሳያውቅ አንድ ስም ከጠሩ ነገሩ አለቀ፤ የተጠራው ሰው ሌባ ነው። ዳኛው ወፎቹ እነማን እንደሆኑ ለንስሐ አባቱም አይናገርም። አያ ባምላክ አንድም ወፍ ሳያወጣ ነው የሸመገለው።

እንግዲህ ስማርት ስልክ የሚሉት ነገር ወደ አሞራ ገደል ሲገባ ቀድሞ የጠረጠረው እሱ ቢሆን አይደንቅም። ሰው አንገቱን ደፍቶ ብቻውን ሲስቅ አይቶ መቼ አምኖ ያውቃል! ስልኩ ግን ቤቱም ገባ። አንዲት ልጁ እስከዳር ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የምታጠናው በስልክ ነበር። መስታወቱ የተሰነጠቀውን አሮጌ ስልኳን ደግሞ እናቷ ይመኙሽ መዝሙር እንድትሰማበት ሰጥታታለች። ይመኙሽ ፊደል አልቆጠረችም። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫውን በሻሿ ሥር ሸጉጣ ሥራዋን ትሠራለች።

የማስጠናቱን ነገር ያመጣው ዕንባቆም ነው። የመንደሩ ልጅ ነው፤ በዲግሪ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ። ተቋርጦ የከረመው ኢንተርኔት ሲለቀቅ ልጆቹን ሰብስቦ ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ይወጣ ጀመር፤ የጽሑፍ መልእክት ቤት ውስጥም ይደርሳል፣ ቪዲዮ የሚወርደው ግን እዚያ ብቻ ነው። ለጀማሪዎቹ ፊደል፣ ለትልልቆቹም ትምህርት በድምፁ እየቀዳ በቴሌግራም ይለቅላቸዋል። «አልገባኝም» ማለት የሚያፍር ሰው ሳያፍር እንዲጠይቅ ብሎም አንድ የጥያቄ ሳጥን ሠራ። ወደ ሳጥኑ የሚላክ ጥያቄ የጠያቂው ስም አይታይበትም።

አያ ባምላክ ይህን ሲሰማ የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠ።

«ስሙን ደብቆ የሚጠይቅ ሰው ምን ቢደብቅ ነው?» አለ እራት ላይ። «ደግሞስ ይኸ ልጅ ማታ ማታ ጉብታ ላይ ወጥቶ ከማን ጋር ነው የሚያወራ? ዘንድሮ ሌባም ገዥውን የሚጠራ በስልክ ነው።»

«አባዬ፣ ቪዲዮ እያወረደልን እኮ ነው» አለች እስከዳር።

«አንችን ማን ጠየቀሽ? ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ሙዪ እያለ የሚመክርሽ እሱ አይደል? ነግሬያለሁ፤ ይኸ ልጅ አንድ ቀን ከዚህ ቤት አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል።»

እስከዳር እጇን ታጥባ ተነሣች። ይመኙሽ ገበታውን አነሣች። እንዲህ ያለው ወሬ በየማታው ነበር፤ እሷም በየማታው ዝም ብላ ትሰማው ነበር።

የወለተ ሚካኤል በቅሎ የጠፋችው በዚህ መካከል ነው። ወለተ ሚካኤል ባል የሞተባት ሴት ናት፤ ገብሷን ገበያ የምታወጣው በዚያች በቅሎ ነበር። መጀመሪያ ሰው «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» እያለ ቀለደ። ገመዱ ሲገኝ ግን በቢላ የተቆረጠ ሆነ። ቀልዱ ቀረና አውጫጭኝ ተጠራ።

ወይራው ሥር ተቀመጡ፤ ፀሐይ ዞረች፤ አንድም ወፍ አልመጣም። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። አምና ከወንዝ ማዶ በተደረገ አውጫጭኝ አንዱ ጎረምሳ የወፍን ሹክሹክታ በስልኩ ቀድቶ ለቀቀው። ያ ወፍ የሆነ ሰው ቤቱን ዘግቶ አገር ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ማን ይተነፍሳል? ሁሉም የጎረቤቱን ኪስ ነው የሚያይ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆነው እንኳየሁ ጉሮሮውን ጠረገ። «የዕንባቆም ሳጥን ስም አያሳይም አሉ። ምነው ወፎቹ በዚያ ቢመጡ?»

ዕንባቆም ከወጣቶቹ መካከል ብድግ አለ። «አይሆንም፣ አያ እንኳየሁ! ሳጥኑ የትምህርት ነው። ማን እንደላከ እኔም አላውቅ። በዚህ ሰው አይፈረድበትም።»

አያ ባምላክ ጆሮው ቆመ። ስለ ስልክ ክፉ ሲነገር አንድ ቀን እንኳ አምኖ የማያውቅ ልጅ ዛሬ ምን ነካው?

«ምነው ፈራህ?» አለው።

«አልፈራሁም።»

«ካልፈራህ ቁልፉን ስጣ።»

ዕንባቆም ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ ያየዋል። ሳጥኑን ከስልኩ አውጥቶ ወደ እስከዳር ስልክ አዛወረው፤ አያ ባምላክ ዳዊት ይደግማል እንጂ የስልክ ፊደል ለዓይኑ አይሆነውም፣ መጻፍ ደግሞ ከልጅነቱም አልተማረም። ስለዚህ አንባቢው እስከዳር ሆነች፤ ሰውም ወፎቹን ከየቤቱ ሆኖ እንዲጠብቅ ተፈቀደለት።

የመጀመሪያው ወፍ በሦስተኛው ቀን መጣ። እስከዳር አነበበችና ፊቷ ተለዋወጠ። «በቅሎዋን የወሰደ ዕንባቆም ነው። ጉብታ ላይ ሁኖ በስልክ ገዥ ጠርቷል» ይላል። ሁለተኛው ከገበያ ቀን በኋላ ደረሰ፤ ሦስተኛውም ተከተለ። ሦስቱም የሚጠሩት አንድ ስም ነው። አያ ባምላክ ደስ አለው፤ ለሌላ ሰው ባይናገረውም፣ ደስ አለው። ሲጠረጥር የኖረው ነገር ልክ ሆኖ ሲገኝ የማይደሰት ጠርጣሪ የለም።

«አባዬ፣ ሦስቱንም አንድ ሰው ሊልካቸው ይችላል» አለች እስከዳር። «ሳጥኑ አይለይም።»

«ለእሱ ስትይ ነው።»

«ለእውነቱ ስል ነው! አንተ አይደለህ ወፍ ይምላል፣ ፊቱም ይታያል የምትል?»

ነገሩ ልቡን ነካ አደረገው። የቀድሞዎቹን ወፎች እያንዳንዳቸውን ዓይን ዓይናቸውን እያየ ነበር የሚሰማቸው። ግን እስከዳር ስለ ዕንባቆም ስታለቅስ ማየቱ ሌላውን ሐሳብ ሁሉ ዋጠበት። በማግስቱ ወይራው ሥር ቆሞ «ወፍ ተናግራለች» አለ፤ ስሙንም ጠራ።

ዕንባቆም በሚካኤል ፊት ልማል አለ። «ሦስት ወፍ ከመሐላ ይበልጣል» ተባለ። እሳትና ውሃ ተከለከለ፤ ማንም ፍም እንዳያውሰው፣ ማንም ከምንጭ እንዳያስቀዳው። ልጆቹ ጉብታው ላይ መውጣት ተዉ። እሱም ሳይውል ሳያድር አንድ ቦርሳ ይዞ ወደ ጎንደር ወረደ፤ እናቱ እስከ መንገዱ ሸኘችው፣ ሌላ ማንም አልሸኘውም።

በቅሎዋ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች፤ መካነ ብርሃን ገበያ ላይ ተገኘች። የነዳት ሰው ተይዞ አመነ፤ አሞራ ገደል የማያውቀው መንገደኛ ነው። ዕንባቆምን አይቶትም አያውቅ። ወለተ ሚካኤል በቅሎዋን እየሳበች ስትመለስ በአያ ባምላክ ደጅ አለፈች፤ እግዜር ይስጥልኝም አላለችው። ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ያመነው በፍርዱ ነበር፤ ያ ፍርድ በእጁ ላይ ተሰበረ።

በማለዳ ተነሥቶ በአውቶብስ ጎንደር ገባ፤ ከዚያም ጠይቆ ጠያይቆ ፀዳ ከምትባለው ሰፈር ደረሰ። ዕንባቆም ሱሀይብ በሚባል ሰው ሱቅ ስልክ ይጠግናል። ሱሀይብ ሽማግሌው ደክሞት መምጣቱን አይቶ ወንበር ሳበለትና ራሱ ወደ ውጭ ወጣ።

«በቅሎዋ ተገኘች» አለ አያ ባምላክ።

«ሰምቻለሁ።»

«ና ወደ አገርህ። በሕዝብ ፊት እክስሃለሁ።»

ዕንባቆም መፍቻውን አላስቀመጠም። «ምን ብለው ነው የሚክሱኝ፣ አያ ባምላክ? በቅሎዋ እስክትገኝ ድረስ ሌባ ነበርሁ። ነገ ደግሞ በግ ሲጠፋ? ያ የዋሸብኝ ሰው አሁንም እዚያው ነው፤ አብሬው ውሃ ልቀዳ?»

«ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሳጥንህ ስም አያሳይ።»

«ስም አያሳይም፤ መልስ ግን ይወስዳል። ለጥያቄው መልስ ሲጻፍ ለላከው ሰው ይደርሰዋል። ወፎቹን ራሳቸውን ይጠይቋቸው።» ይህን ብሎ ወደ ሥራው አጎነበሰ።

አያ ባምላክ መንገዱን ሙሉ ሰው ሲያነሣ ሲጥል ሄደ። እንኳየሁ ይሆን? ሳጥኑን ያመጣ እሱ ነው። ወይስ የዕንባቆም የእርሻ ወሰንተኛ? አውቶብሱ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ያልጠረጠረው ሰው አልቀረም ነበር።

ቤቱ ሲገባ እስከዳርን ከመደቡ ላይ አስቀመጣት። ይመኙሽ ከጓዳ ሽምብራ ትለቅማለች።

«ለመጀመሪያው ወፍ መልስ ጻፊ። ‹ማን ነህ?› በይው።»

እስከዳር ጽፋ ላከች። ከጓዳ አንድ ስልክ ጢን አለ። አያ ባምላክ ልብ አላለውም።

«ለሁለተኛው ላኪ።»

ጢን። እስከዳር ቀና አለች። አያ ባምላክ የልጁን ፊት አየ፤ ከዚያም የጓዳውን መጋረጃ። ጓዳ ውስጥ የሽምብራው ኮሽታ ቆሟል።

«ለሦስተኛውም ላኪ» አለ በቀስታ።

ከሦስተኛው ድምፅ በኋላ ይመኙሽ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አንች? ፊደል መቼ ታውቂና?»

«መዝሙር የምሰማ መስሏችሁ ነበር። ዕንባቆም ጀማሪ ልጆችን የሚያስተምርበትን ነበር የምሰማ። የ‹ሀ›ን መልክ፣ የ‹ለ›ን መልክ፣ በስልኩም ላይ የት እንዳሉ እየነገረ በጆሮዬ አስተማረኝ። እየጻፍሁ ወደ ሳጥኑ ስልክ፣ ማን እንደሆንሁ ሳያውቅ ያርመኝ ነበር። ሸጋ ነው፣ በርታ ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው? ምነው እማዬ?» እስከዳር ጮኸች።

ይመኙሽ የሻሿን ጫፍ ይዛ ቆመች። «ይወስድሻል ብዬ ነዋ። አባትሽ በየማታው ከዚህ ቤት አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል ሲል የነበረ ማንን ነው? ካንች በቀር ምን አለኝ?» ወደ ባሏ ዞረች። «አንተም አታፍጥብኝ። ጉብታ ላይ ሁኖ ገዥ ይጠራል ያለ ማን ነው? አንተ የተናገርኸውን ነው የጻፍሁ። አንዲት ቃል አልጨመርሁም።»

እውነቷን ነበር። አያ ባምላክ ሦስት ጊዜ የሰማው የገዛ ድምፁን ነው፤ እሱ ግን እማኝ አገኘሁ ብሎ ፈረደበት።

በማግስቱ አውጫጭኝ ተጠራ። ዳኛ ወፍ አያወጣም፤ ሚስቱም ብትሆን ወፍ ወፍ ናት። ስለዚህ ቆመና «በዕንባቆም ላይ የመጣው ቃል የእኔ ነው» አለ። «ወፍ አልነበረም። የጠረጠርሁትን ነው የፈረድሁበት። እሳቱም ውሃውም ለእኔ ይከልከል።»

ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ።

«አያ ባምላክ» አለ እንኳየሁ ዓይኑን አጥብቦ፣ «አንተ መጻፍ አታውቅም። ታዲያ ማን ጻፈልህ?»

ራስ ሁሉ ወደ እስከዳር ዞረ። «ሳጥኑ በእጇ ነበር» አለ አንዱ። «ከዕንባቆም ጋር ተጣልተው ይሆናል» አለች ሌላዋ። ስልኮች ወደ ልጅቱ ፊት ተነሡ። እስከዳር አንገቷን ደፋች እንጂ እናቷን አልጠራችም። አያ ባምላክ ያን አስተያየት ያውቀዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ሲያይበት የኖረ ነው። ልጁ ላይ ሲያርፍ በእሷና በስልኮቹ መካከል ገባ።

«እሷ አይደለችም!» ብሎ ጮኸ። ያመነው አልነበረም።

ከሴቶቹ መካከል ይመኙሽ ተነሣች። «እኔ ነኝ የጻፍሁት» አለች።

ሳቅ ተሰማ። «አንች ደግሞ! ልጅሽን ለማዳን ነው። ፊደል ከየት አውቀሽ?»

ይመኙሽ ከወይራው ሥር የወደቀ እንጨት አነሣችና አቧራው ላይ ተንበረከከች። እጇ ዘገምተኛ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምታወጣው። ሳቁ ጠፋ። ሰው እየተጋፋ ከበባት፤ ከፊት ያሉት ልጆች ድምፅ አውጥተው አነበቡት። «ዕንባቆም» ይላል።

«ማን አስተማረሽ?» አላት እንኳየሁ።

ይመኙሽ በእንጨቱ ጫፍ ወደ ጻፈችው ስም አመለከተች።