ደረጃ ላይ የቀረው ሶፋ

አማቴ ከአገር ቤት ሊጠይቁን ሊመጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ሚስቴ ዕቅድ አወጣች። የሚስቴ ዕቅድ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሃያ ሰው የሥራ ተራ የምታወጣው እሷ ናት፤ ቤት ስትገባም እጇ አያርፍም። ጽፋ የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው። ዓርብ አዲሱ ሶፋ ይገባል። ቅዳሜ እማዬ ትገባለች። እሑድ ጠዋት ወደ ሐይቁ ሄደን፣ በአራት ሰዓቷ ጀልባ እንዞራለን። አልጋችንን ለእናቷ እንለቅና እኛ ሲዘረጋ አልጋ በሚሆነው ሶፋ ላይ እንተኛለን። ከሥር በቀይ እስክሪብቶ «ሊፍቱን ፈትሽ» ብላ ለእኔ ጽፋለች።

ሐሙስ ፈተሽኩ፤ ይሠራል። ዓርብ ጠዋት ቆመ።

ሶፋውን ያመጡት ሁለት ጎረምሶች ሊፍቱ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበቡ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ሶፋውን ከመግቢያው አስቀምጠው አስፈረሙኝና መልካም ቀን ተመኝተውልኝ እብስ አሉ። እኛ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው።

ይሁን፣ እኔ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ። አሥራ ሁለት ሜትር የሚረዝም አውቶቡስ፣ ግራና ቀኙ መኪና በተደረደረበት ጠባብ መንገድ ስጠመዝዝ የምውል ሰው አንድ ሶፋ ምን ያቅተኛል አልኩ። ሚስቴ ከላይ እየጎተተች፣ እኔ ከታች በትከሻዬ እየገፋሁ ሁለት ፎቅ አለፍን። ሦስተኛው ልንደርስ ስንል፣ መታጠፊያው ላይ፣ ሶፋው አንዴ ሲጥ አለና ቀጥ። የእጅ ማሳረፊያው ከደረጃው መደገፊያ ብረት ሥር ገብቶ ተቀርቅሯል። ወደ ላይ እንቢ፣ ወደ ታች እንቢ።

«ትንሽ ወደ ኋላ!» አለች ሚስቴ።

«ኋላው የቱ ነው?»

«አንተ ያለህበት!»

«እኔ ያለሁበት ፊቱ ነው።»

«ሾፌሩ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እኔ የምነዳው ሞተር ያለውን ነው።»

ሚስቴ ሳቋ ሲመጣ ጉልበቷ ይሄዳል። ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ ግን ሶፋው እንዳይንሸራተትብኝ ብዬ ላብ በላብ ሆኜ ተሸክሜያለሁ። መጨረሻ ላይ አቃተኝና ለቀቅኩት። ንቅንቅ አላለም። ለካ ይዞት የኖረው ብረቱ ነው፤ እኔ በከንቱ ነው ያማጥኩት።

ደግነቱ መታጠፊያው ሰፋ ያለ ስለሆነ ሶፋው በአራት እግሩ ቆሟል፤ ሰውም ሆዱን ሰብሰብ ካደረገ በጎን ያልፋል። እንደዚያው ትተነው ወጣን።

ቅዳሜ አማቴ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ጉልበታቸውን የስፌት መኪና ፔዳል ጨርሶታል። በአንድ እጃቸው እኔን፣ በሌላው ልጃቸውን ተደግፈው ደረጃውን አንድ በአንድ ወጡ። ሶፋው ጋ ሲደርሱ ምንም ሳይጠይቁ ቁጭ አሉና «እፎይ!» አሉ።

«እንዴት ያለ ሰው ነው እናንተ ሰፈር ያለው? ለደከመው ማረፊያ ብለው ሶፋ ደረጃ ላይ አኖሩ? ወልዶ ይሳም ያሰበው!»

ሚስቴ እኔን አየችኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«እማዬ፣ ሶፋው የኛ ነው» አለች። «አልወጣም ብሎን ነው።»

አማቴ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «በሉ እንግዲያው ምርቃቱ ለእናንተው ይሁን» አሉ።

እሳቸው አልጋው ላይ፣ እኛ ብርድ ልብስ አጥፈን ወለሉ ላይ አደርን። ከዕቅዱ የቀረን ሐይቁ ብቻ ነበርና እሑድ በጊዜ ለባብሰን ወረድን። ሶፋው ጋ ስንደርስ አማቴ «ትንሽ ልረፍ» አሉ። ሚስቴ ሰዓቷን አየች።

ይኸኔ ነው ከበላያችን የሚኖሩት ሽማግሌ ዳቦ ገዝተው የመጡት። ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ራስ ከመነቅነቅ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ቆም አሉና ጣታቸውን ወደ ሶፋው ቀስረው፣ በአገሩ ቋንቋ፣ «ይህ ነገር እስከ መቼ ነው እዚህ የሚቀመጠው? መንገድ እኮ ነው!» አሉኝ።

«ምን አሉ?» አሉ አማቴ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ መንገድ እንዴት ነበር ነው የሚሉት።»

አማቴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «እግዜር ያክብርልኝ! መንገዱ ደህና ነበር። እርስዎስ ደህና ነዎት? ጤናዎ እንዴት ነው? ልጆች ደህና? ቤት ደህና? እነዚህን ልጆች እንደ አባት ሆነው ስለሚያዩልኝ ብድሩን እሱ ይክፈልልኝ!»

ሰዓት ሠሪው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አሉ?»

«በጣም ይቅርታ፣ ዛሬውኑ ይነሳል አሉ።»

«ይህን ሁሉ የተናገሩት ለዚያ ነው?»

«በኛ ቋንቋ ይቅርታ ረዘም ይላል።»

ሚስቴ አፏን ከፍታ ስታየኝ ቆየችና ወደ ግድግዳው ዞራ በሳቅ ትንቀጠቀጥ ጀመር። አማቴ ደግሞ ተመልሰው ተቀመጡና ጠጋ ብለው ከአጠገባቸው ያለውን ቦታ ቸብ ቸብ አደረጉ። «ቆመው ነው እንዴ? ይቀመጡ እንጂ!» ይህ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ሽማግሌው ትንሽ አመነቱና ዳቦአቸውን እንዳቀፉ ተቀመጡ።

የልብስ ሰፊ እጅ ሥራ አይፈታም። አማቴ ሲያወሩ ጣታቸው የእጅ ማሳረፊያውን ጨርቅ ከሥር እየዳበሰ ነበር። ድንገት ጣታቸው ቆመ።

«ይኼ አልተሰፋም።»

«ምኑ እማዬ?»

«ይኼ ጨርቅ። ሌላው በወጉ በመኪና ተሰፍቷል፤ እዚህ ጋ ግን ጠቅ ጠቅ አድርገው ነው ያለፉት። እንዲህ የሚደረገው ኋላ ለሚፈታ ነገር ነው።»

ከቦርሳቸው መቀስ አወጡ። ጀልባ የሚሄድ ሰው መቀስ ለምን እንደሚይዝ አልጠየቅኩም። ክሩን ጠቅ፣ ጠቅ አድርገው በጥሰው ጨርቁን ገለጡት። ሰዓት ሠሪው መነጽራቸውን ለውጠው ተንበረከኩና አንገታቸውን ከሶፋው ሥር ሰደዱ።

«ሁለት ብሎን ይታየኛል» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ቆዩ፤ ከእንጨቱ ጀርባ ሦስተኛ አለ። ሁለቱን ብቻ ፈትታችሁ ብትጎትቱት ይሰበር ነበር» አሉ።

ሮጬ መፍቻ አመጣሁ። ሦስቱም ሲፈቱ የእጅ ማሳረፊያው እንደሚነቃነቅ ጥርስ ውልቅ አለ። እኔ ገፋሁ፣ ሚስቴ ጎተተች፣ ሰዓት ሠሪው ከላይ ሆነው «ወደ ቀኝ! ቀስ! ቀስ!» እያሉ አስተናበሩ፣ አማቴ ዳቦውን ያዙ። ሶፋው ቤት ሲገባ አራት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር።

ሚስቴ ሰዓቱን ስታይ ፊቷ ጠወለገ። «እማዬ፣ ይቅርታ። ጀልባዋ አመለጠችን።»

«እሰይ!» አሉ አማቴ።

«ምን?»

«ልጄ፣ እኔ ውሃ እፈራለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን አልከደንኩም።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«እንዴት ብዬ? እንደዚያ አሳምረሽ ጽፈሽ በር ላይ ለጥፈሽው!»

ሚስቴ አልቻለችም፤ የእጅ ማሳረፊያ በሌለው ሶፋ ላይ ተዘርግታ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ አማቴ ጨርቁን መልሰው ሲሰፉ እኔን ጠራ አደረጉኝ።

«ስማ፣ ሰው ‹መንገድ እንዴት ነበር› ሲል ሶፋ ላይ ጣቱን ይቀስራል?»

አንገቴን ደፋሁ። «ገብቶዎት ነበር?»

«ቋንቋ ባላውቅ ቁጣ አላውቅም? እንኳን ዋሸኸኝ። እውነቱን ብትነግረኝ መልስ አላጣም ነበር፤ ይኸኔ ተጣልተን ነበር።»

ማክሰኞ ከጠዋት ፈረቃ ስመለስ ሰዓት ሠሪው በሸሚዝ ብቻ ሆነው ጠረጴዛችን ጋ ተቀምጠዋል። ካፖርታቸው አማቴ ጭን ላይ ነው፤ ገበሩ ከብብቱ በኩል አልቋል። እሳቸው በቋንቋቸው ያወራሉ፣ አማቴም በአማርኛ «ውይ! እህ! አዬ ጉድ!» ይላሉ።

«ምን እያወራችሁ ነው?» አልኩ።

«ስለ ሟች ሚስታቸው መሰለኝ» አሉ አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይህን ገበር በእጇ የሰፋችው እሷ ናት። የመኪና ስፌት እንዲህ አይደለም፤ እያት፣ አንድ በአንድ በመርፌ ነው ያስኬደችው። እጇ ይባረክ የኔ እናት። እኔ አልፈታውም፤ ከላዩ ነው የምደርብበት፤ ንገርልኝ።»

ነገርኳቸው። ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ካፖርቱን አዩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ፣ ከዚያ ባዶ ብርጭቋቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። ሻይ ቀዳሁላቸውና ድንች ልልጥ ወደ ማድቤት ገባሁ፤ የምሳው ተራ የኔ ነበር።