የወተት ሻጯ ናሙና

እትዬ ሸዋገነት ሳንሱሲ ውስጥ ሦስት ላም አልበው ወተት የሚሸጡ፣ በንጽሕናቸው ሰፈርተኛው የሚመሰክርላቸው ሴት ናቸው። ደም ግፊት ከያዛቸው ሰንብቷል። ሐኪሙ «ኩላሊትዎን ነክቶት እንደሆነ እንይ፤ የማለዳ ሽንት ይዘው ይምጡ» ስላላቸው፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው አስኮ ወዳለው ክሊኒክ ሄዱ። ወንድማቸው ደመቀ የሞተው በኩላሊት ነው። መንገዱን ሙሉ የሚያስቡት እሱን ነበር።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ራዕይ ቀጭን መመርመሪያ ወረቀት ሽንቱ ውስጥ ነክራ አወጣች። ቢጫ የነበረው ጫፍ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ።

«ፕሮቲን አለው» አለች ቀስ ብላ። «ጤነኛ ኩላሊት ፕሮቲኑን ደም ውስጥ ያስቀረዋል እንጂ ወደ ሽንት እንዲህ አይለቀውም።»

እትዬ ሸዋገነት አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

ራዕይ ግን በወረቀቱ ብቻ አልረካችም። ጥቂት ሽንት በመስታወት ቱቦ ቀድታ እሳት ላይ አሞቀችው፤ ሁለት ሦስት ጠብታ አሲድም ጨመረችበት። ወዲያው እንደ አይብ ተቋጠረ። አሸተተችው። ከዚያም ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳችው።

«እማማ፣ እዚህ ውስጥ ቀድሞ ምን ነበረበት?»

እትዬ ሸዋገነት ዞር ብለው አዩ። ወረፋ ከሚጠብቁት መካከል በየቀኑ ከእሳቸው ሁለት ሊትር ወተት የሚወስደው ባለሱቁ አብራር አለ።

«ውሃ» አሉ።

«ወተት ከነበረበት ያታለለን የወተቱ ፕሮቲን ነው። ካልሆነ ይህንኑ ጽፌ ለሐኪሙ እሰጠዋለሁ።»

«የእኔ ጠርሙስ ንጹሕ ነው! በፈላ ውሃ ነው የማጥበው!»

ራዕይ እስክሪብቶዋን አነሳች። እትዬ ሸዋገነት የወንድማቸው የደመቀ ያበጠ እግር ታያቸው።

«ቆይ ልጄ» አሉ። «ወተት ነበረበት። ትናንት ከደንበኛ የተመለሰ ነው፤ ቸኩዬ ለቅለቅ ብቻ አደረግሁት።»

ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩዋቸው።

ራዕይ አዲስ ዕቃ ሰጠቻቸው፤ መጸዳጃ ቤት ገብተው ሌላ ናሙና አመጡ። ወረቀቱ ቢጫ እንደሆነ ቀረ። በቱቦ የተቀዳውም ሞቆ፣ አሲድ ጠብ ብሎበት፣ ኩልል እንዳለ ነው።

«ፕሮቲን የለውም፣ እማማ።»

«ተመስገን!» ብለው ተነሡ። ቀና ብለው አብራርን ማየት ግን አቃታቸው።

«እትዬ ሸዋ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለ አብራር። «ነገም ሁለት ሊትሬን እንዳይረሱ።»

«እሺ።»

«ጠርሙሱን ግን እኔ ከቤቴ አመጣለሁ።»

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ሸዋገነት ፊታቸው ፍም መሰለ።

«አምጣ! ከፈለግህ ባልዲም አምጣ!» አሉትና እሳቸውም ሳቃቸው አመለጣቸው።