ሁሉም አስቸኳይ

ቴክኒሻኗ ከጠዋት ጀምሮ ደሟ ፈልቷል። ናዳው የስልክ ማማውን ይዞት ከወረደ ወዲህ የነፍስ አድን ሠራተኞቹ የሚግባቡት በእጅ መገናኛ ነው፤ አንዱ መገናኛ የሌላውን መልእክት እየተቀበለ ለቀጣዩ ያሳልፋል። ሰው ሲንቀሳቀስ መንገዱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። መልእክት ሲበዛ ቀዩን ቁልፍ ተጭነው የላኩት ይቀድማል፤ ሌላው ተራ ይጠብቃል። ቀይ ለነፍስ ጉዳይ ብቻ ነው ብላ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ አስረድታቸው ነበር።

ማን ሰምቷት! ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንዱን ክፍል ይዛ ስክሪኑ ላይ ታፈጣለች፤ የምታየው ሁሉ ቀይ ነው። «ውሃ አልቋል» ቀይ። «አካፋዬን ማን ወሰደው?» ቀይ። አስተባባሪው ለአለቆቹ የሚልከው ቪዲዮ ሳይቀር ቀይ። ከጎኗ ሐኪሙ፣ ፍርስራሽ እግሩን ለያዘው ሰው ምን እንደሚደረግለት እዚያው ፍርስራሹ ጋ ላለችው ነርስ በድምፅ ሊነግራት ይታገላል።

«ማሰሪያው ከጉልበቱ በላይ ነው በታች?»

«ከ... በ...» ትላለች ነርሷ።

«ቪዲዮውን አቁምልኝ፣ አንተ ሰው!» ብላ ለአስተባባሪው ጻፈችለት።

«የኔም እኮ አስቸኳይ ነው» ሲል መለሰ። እሱንም በቀይ።

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቷ አለቀ። ከነርሷና ከራሷ በቀር የሁሉንም ቀይ ቁልፍ ከሥራ ውጪ አደረገችው። የነርሷ ድምፅ ወዲያው ጠራ።

ብዙም አልቆየ፣ እንደገና ተቆራረጠ። ፍርስራሹን ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚያገናኘው፣ መንታ መንገዱ ላይ የቆመው ሾፌር መገናኛ ብቻ ነበር። ሾፌሩ ታላቅ ወንድሟ ነው። ስክሪኑ ላይ ነጥቡ ከቦታው ፈቀቅ ብሏል። እሱን ደግሞ ታውቀዋለች፤ በልጅነታቸውም ወረፋ ያዝልኝ ስትለው ጥሎ እብስ የሚል ነው።

«ጋሼ! ከዚያ ቦታ ንቅንቅ እንዳትል!» ብላ በቀይ ላከችበት። ነጥቡ ተመለሰ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ነርሷ «ወጣ! ይተነፍሳል!» ብላ ጮኸች። ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ወዲያው የሾፌሩ ነጥብ ጠፋ።

«አቤት ይሄ ሰው!» አለች ቴክኒሻኗ። «ትንሽ ቢታገስ ምን ነበረበት?»

የነርሷ ጥሪ ሲያበቃ በየመገናኛው ተራ ሲጠብቁ የቆዩት መልእክቶች መግባት ጀመሩ። አካፋው ተገኝቷል። ውሃ መጥቷል። ከዚያ የወንድሟ፣ ከሩብ ሰዓት በፊት የተላከ፦ «ከኋላዬ ያለው ግንብ እየተሰነጠቀ ነው። ልልቀቅ?» ከሥሩ ደግሞ፦ «እህቴ፣ ልልቀቅ ወይ?»

ግንቡ የተናደበትን ወንድሟን በቃሬዛ አመጡት። ፊቱ አቧራ ብቻ ነው፤ አንድ እግሩ ተጨፍልቋል። ሐኪሙ ሱሪውን በመቀስ ሲቀድ ቴክኒሻኗ እጁን ይዛለች።

«ሰውየው ወጣ?» አላት።

«ወጣ፣ ጋሼ።»

«ሁለቴ ጠየቅኩሽ እኮ። የመጣልኝ ንቅንቅ እንዳትል የሚለው ብቻ ነው» አለ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ስለ ግንቡ የጻፍኩትን አይተሽው መስሎኝ ቆምኩ።»