አፉ የተቆለመመው ድራም

እሱባለው እንግዳውን ገና ከሚኒባሱ ሲወርድ ጀምሮ አላመነውም። ሰውዬው ጌዲዮን እባላለሁ፣ ያረጁ ድራሞች እሰበስባለሁ፣ ያንተን ሰምቼ ነው ከአዲስ አበባ የመጣሁት አለ። ለድራም ብሎ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ወገዳ ከተማ ድረስ የተንገላታ ሰው እሱባለው አይቶም ሰምቶም አያውቅም።

ድራሙ ጓዳ ነበር። እሱባለው በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን ውስጥ ሲመታው የኖረ፣ አፉ እንደ ጥሩምባ ወደ ፊት የተቆለመመ፣ ትልቅና ትንሽ ያለው አረንጓዴ ድራም ነው። ቡድኑ ሲበተን የተረፉትን ድራሞች እሱ ሰበሰባቸው። ባለቤቱ አልጣሽ ትልቁ ድራም ውስጥ ሽንብራ ታስቀምጣለች።

ጌዲዮን ሽንብራው እስኪወጣ እንኳ አልታገሠም። ተንበርክኮ ውስጡን በስልኩ መብራት አየ፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ።

«ምን ቀብረውበታል ብሎ ይሆን?» አለች አልጣሽ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ። እጁን ብቻ ተመልከቺ።»

እሱባለው መምቻውን አቀበለው። «እስቲ ምታው።»

«መምታት አልችልም ጋሼ። እኔ ቅርጹን ነው የምወደው። ሠሪዎቹ አፉን ያጎበጡት ድምፁ ወደ ተመልካቹ እንዲሄድ ነበር፤ ገበያ ስላጣ መሥራቱን ተዉት። ለዚህ ነው ዛሬ እኛ ሰብሳቢዎች የምንሻማበት።»

መምታት የማይችል የድራም ወዳጅ! እሱባለው ጥርጣሬው ባሰበት። «እቤትህ ያሉትን አሳየኝ» አለው።

ጌዲዮን ፎቶዎቹን በስልኩ ያሳየው ጀመር። አራተኛው ላይ የእሱባለው ፊት ተለወጠ። ትንሽ አረንጓዴ ድራም ናት፤ ጠርዟ ላይ እሱ ራሱ በሚስማር የጫረው «እ» ፊደል አለ። ይቺ ድራም ያኔ ከቡድኑ ስትጠፋ ሸጠህ በልተሃል ተብሎ ሁለት ወር ታስሮባታል።

«ከማን ገዛሃት?»

«ባሕር ዳር፣ ከጋሽ ጥበቡ ልጅ። የቀሩት ድራሞች ወገዳ ይኖራሉ ያለችኝም እሷ ናት።»

ጥበቡ የቡድኑ መሪ ነበር። ፊት ለፊት ቆሞ የመሰከረበትም እሱ ነው። አሁን ሞቷል። እሱባለው ይህንንም አላመነም፤ የሞተ ሰው ስም መጥራት ቀላል ነው።

«ደውልላት። ድምፁን ከፍ አድርገህ።»

የጥበቡ ልጅ ትዝታ አነሳች፤ ጌዲዮን ስለ ትንሿ ድራም ጠየቃት። «አባዬ ከወገዳ ሲዛወር ይዟት የመጣት ናት» አለች። «ማንም እንዲነካት አይፈቅድም ነበር። ለምን እንደሆነ ነግሮን አያውቅም።»

አልጣሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አሁን አልሸጥልህም» አለ እሱባለው። «መጀመሪያ ትንሿን ይዘህ ና። በገበያ ቀን፣ ሌባ ያለኝ ሰው ሁሉ እያየ እመታታለሁ።»

ጌዲዮን እሺ አለ። እሱባለው ግን መታወቂያውን ተቀብሎ ቁጥሩን ካልጻፈ አላሰናበተውም።

በሦስተኛው ሳምንት ጌዲዮን ድራሟን አቅፎ መጣ። እሱባለው ገበያው መሐል ሁሉንም ደርድሮ፣ ትንሿ ከጥበቡ ቤት መገኘቷን ተናግሮ መታ። የእጁ አንጓ ዝጎ ሁለት ጊዜ ምቱን ሳተ። ያኔ ሲታሰር ሌባ ብለው ከሰደቡት አንዱ የሆነው አለሙ ጠጋ ብሎ ጠርዟ ላይ ያለችውን ፊደል በጣቱ ዳሰሳት።

«ዛሬ ጽፈሃት ቢሆንስ?» አለው።

እሱባለው መምቻውን አነሳና እንደገና ጀመረ።