ሩፋይዳ በማትሰማበት

«ቲቸር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ዕድሌ ምን ያህል ነው?» አለችኝ ሩፋይዳ።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ዕድል ማስላት ሥራዬ ነው። አብዛኛው ልጅ በሚወድቅበት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይቺ ልጅ ከመካነ ሰላም ተፈትና አስተማሪዎቿን ያስደነገጠ ውጤት አምጥታለች። ያመለከተችበት የአዲስ አበባ ኮሌጅ ግን ከመላ አገሪቱ ጥቂት ልጆች መርጦ ቀለባቸውንም ማደሪያቸውንም ችሎ የሚያስተምር ነው። ውጤት ያለው ልጅ እዚያ ደጃፍ ላይ ሞልቷል። ስለዚህ ሌላም ይጠይቃሉ። የአስተማሪ ደብዳቤ ይላሉ፤ እሱን ጽፌ ልኬያለሁ። ስለ ራስሽ ጻፊ ይላሉ። ከዘመድና ከትምህርት ቤት አስተማሪ ሌላ በደንብ የሚያውቅሽን ሰው ስልክ ስጪን፣ ደውለን እንጠይቀዋለን ይላሉ።

«ስለ ራስሽ የጻፍሽውን አሳዪኝ» አልኳት።

አነበብኩትና ደሜ ፈላ። «ችኩል ነኝ። የእጅ ጽሑፌ አያምርም። ፊዚክስ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ እሱም ጓደኛዬ ኑርጃን ስላስረዳችኝ ነው።» ከላይ እስከ ታች እንዲሁ ነው።

«ይኼ ማመልከቻ ነው ወይስ ክስ?»

«ስለ ራስሽ ጻፊ አሉኝ፣ ጻፍኩ።»

«ጉብዝናሽን ነዋ!»

«እሱን ሰው ይናገረዋል እንጂ እኔ እንዴት እናገረዋለሁ? አያሳፍርም?»

ትሕትና ያስከብራል ይሉናል። ማንን አስከበረ? ውድ ትምህርት ቤት የሚማር የከተማ ልጅ ራሱን ማመስገን የሚማረው ከፊደል ጋር ነው። አንድ ችግኝ ተክሎ ፎቶ ከተነሣ «የአካባቢ ጥበቃ መሪ ነኝ» ብሎ ይጽፋል። ሩፋይዳ እናቷ ኢልሀም ታማ በተኛችበት ዓመት ቤቱን ይዛ፣ ታናሽ እኅቷን አርዋን ትምህርት ቤት እየላከች ነው ለፈተና የተዘጋጀችው። ይኼን በአንድ መስመር እንኳ አልነካችውም። መራጮቹም ደብዳቤዋን ያዩና «የገጠር ልጅ በራሷ አትተማመንም» ይላሉ። ዝም ብላ የምትሠራ ልጅ ያሳደገው አገሬም፣ ዝምታዋን ባዶነት አድርጎ የሚያነበው መራጭም እኩል ያናድዱኛል።

እየተጨቃጨቅን ደብዳቤውን እንደገና ጻፍነው። እናቷን አስገባሁ፤ «ለሐዘኔታ ይመስላል» ብላ አወጣች፤ መልሼ አስገባሁ። በመጨረሻ የማንን ስልክ እንደሰጠች ጠየቅኳት።

«የሸህ ጀላልን።»

«የባንኩን ሥራ አስኪያጅ ስጪ አላልኩሽም?»

«እሱ መች ያውቀኛል? የሚያውቅሽ ነው ያሉት።»

ሸህ ጀላል ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቁርአን ያስቀሯት፣ ንባቡን ያስተማሯት ሰው ናቸው። እሳቸው ዘንድ ያልቀራ የሰፈር ልጅ የለም። እሳቸው ያመሰገኑት ልጅ ግን የለም። አንድ ጊዜ ስለ አንዱ ልጅ «ከበፊቱ ትንሽ ተሻለ» ቢሉ አባትየው ከደስታው ብዛት በግ አርዶ ሰፈሩን ጋብዟል።

«ዕድልሽ ከመቶ ሠላሳ ነበር» አልኳት፤ «አሁን አምስት ነው።»

በማግስቱ ከሰዓት ሸሁን ላዘጋጃቸው ቤታቸው ሄድኩ። ልጆቹ የእንጨት ሰሌዳቸውን ታቅፈው በአንድ ድምፅ ይቀራሉ። ሩፋይዳ መካከላቸው ተቀምጣ አንዱን ታቃናለች፣ ሌላውን ትቆነጥጣለች። ሸሁ ቁርአኑን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«አሰላሙ ዓለይኩም ሸህ።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ማነው?» አሉ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው።

«አራጌ ነኝ።»

«የተቆጣ ሰው እርምጃ ስሰማ ማወቅ ነበረብኝ። ተቀመጥ።»

ሳልቀመጥ ጀመርኩ። «ከአዲስ አበባ ይደውሉልዎታል። ስለ ሩፋይዳ ይጠይቁዎታል። ጎበዝ ናት ይበሉ፤ ሌላ ምንም አልለምንዎትም።»

«ሰውን ፊቱ ማመስገን አንገቱን መቁረጥ ነው።»

«ፊቷ አይደለም እኮ፣ በስልክ ነው!»

«ደዋዩ በስልክ ነው። ልጅቱ ግን ይችውና።»

«እንግዲያው የጠየቁዎትን ሁሉ አዎ አዎ ይበሉ።»

«ምስክርነት አማና፣ የአላህ አደራ ነው፣ አራጌ። አዎ አዎ ለፍየል ገበያ ነው።»

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ስልኩ ጮኸ። ሸሁ ከኪሳቸው አውጥተው ለሩፋይዳ ዘረጉላት፤ «ማን እንደሆነ እዪው።» አየችና ፊቷ ዐመድ መሰለ። «የአዲስ አበባ ቁጥር ነው፣ አባባ።» ከፍታ፣ ድምፁን እሳቸው እንደሚወዱት ከፍ አድርጋ መለሰችላቸው፤ ወደ ልጆቹም ተመልሳ ተቀመጠች። 

የሴት ድምፅ ነው። ወይዘሮ የኔአለም እባላለሁ፣ ከተማሪ መራጮቹ አንዷ ነኝ አለች። «ሩፋይዳን ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ።»

«እንዴት ያለች ተማሪ ናት?»

«ልጅ ናት። ገና ናት።»

«ከሌሎቹ የምትበልጥበት ነገር ምንድን ነው?»

«ምን ትበልጣለች። ችኩል ናት። ቁርሷን ሳትበላ ትሮጣለች።»

«ከእኩዮቿ ጋር ሲያስተያዩዋት ግን...»

«አላህ ከእሷ የሚሻል ልጅ ሞልቶታል።»

ሩፋይዳ አንገቷን ደፋች። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ደግሜም አደርገዋለሁ። ስልኩን ከሽማግሌው እጅ ነጠቅኩ።

«እመቤቴ! አራጌ እባላለሁ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ ነኝ! ሸሁ የሚሉትን አይስሙ! ይቺን ልጅ ካልወሰዳችሁ የምትመርጡት ተማሪ ሳይሆን ጥሩ እንግሊዝኛ ነው! መካነ ሰላም ድረስ መጥታችሁ ብታዩ...»

«አቶ አራጌ» አለች ሴትዮዋ ተረጋግታ፤ «ደብዳቤዎ ደርሶናል። እሱም እንዲሁ ይጮኻል። አሁን የምፈልገው እሳቸውን ነው።»

ሸሁ መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ። «ስልኬን፣ አራጌ።» ሰጠኋቸው። «እኅቴ፣ አንዴ ታገሺኝ» አሏትና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጅቱን ይዘህ ውጣ። ልጆቹንም።»

«ለምን?»

«አንተ ሰው፣ ካልተጮኸብህ አይገባህም? ውጣ!»

የገባኝ ደጃፉን ስሻገር ነው። ቅድም ነግረውኝ ነበር። ልጅቱ ይችውና ያሉት ለዚህ ነው።

የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀመጥን። ከላይ ከደጋው የሚወርደው ነፋስ ባሕር ዛፉን ያንጫጫዋል፤ የሸሁ ድምፅ ይሰማል፣ የሚሉት ግን አይለይም።

«አበቃልኝ አይደል፣ ቲቸር?»

«ዝም በይ።»

«እሳቸው ምን አጠፉ? እውነታቸውን እኮ ነው፤ ቁርስ ሳልበላ እሮጣለሁ።»

«ሩፋይዳ፣ ዝም በይ ብዬሻለሁ። እያሰላሁ ነው።»

«ታዲያ ስንት ሆነ?»

«አላውቅም» አልኳት። ይኼን ቃል ተማሪ ፊት ብዙ ጊዜ ተናግሬው አላውቅም። እሷ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ሊዞርባት ሲል ታናናሾቹ በሰሌዳ መማታት ጀመሩና ልትገላግል ተነሣች።

ሸሁ ብዙ ቆዩ። በኋላ በሩ ተከፈተ። «ምን ያስገትራችኋል? ልጆቹ ዛሬ ቁርአን አይቀሩም?»

«ምን አሏት?» አልኩ።

«አማና ነው አልኩህ።»

ከመስቀል በኋላ ሩፋይዳ የመምህራን ማረፊያውን በር ሳታንኳኳ በርግዳ ገባች። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «ያንብቡት!» አለች። ተቀብለዋታል። ባልደረቦቼ ተነሥተው አቀፏት።

«ከመቶ አምስት ነው ያሉኝ እኮ!» አለች።

«ስሌቱ አልተሳሳተም። ከአምስቱ አንዷ አንቺ ነሽ» አልኩና ዓይኔን ጠረግኩ። የጠመኔ ብናኝ ነው።

የምትሄድ ቀን የደሴው መኪና ማለዳ ቆሞ ሰው ይጭናል። ኢልሀም ዳቦ በፌስታል ቋጥራ ታለቅሳለች፤ አርዋ የእኅቷን ሻንጣ ተሸክማለች። ሸህ ጀላል ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ሩፋይዳ እጃቸውን ሳመች። እኔ በጉጉት ጠበቅኩ፤ ዛሬ እንኳ አንድ ነገር ይሏታል አልኩ።

«አትቸኩይ» አሏት። «ቁርስሽን ብዪ። ያው ደካማ ነሽ፣ አላህ ያግዝሽ።»

«አሚን፣ አባባ።» ገባች። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ኢልሀምና አርዋ እጃቸውን እያውለበለቡ ጥቂት ተከተሉት።

«በሉ እንግዲህ ሄደች» አልኳቸው። «ለዚያች ሴትዮ ምን አሏት?»

«መኪናው ዞረ?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። መኪናው ፊት ለፊታችን፣ መታጠፊያው ላይ እህል የጫኑ አህዮች እስኪያልፉ ቆሟል፤ የሩፋይዳ ቢጫ ሻሽ በመስኮቱ ይታያል። ሸሁ ግን ዓይናቸውን ገልጠው የሚያዩት ሌላ አቅጣጫ ነው። 

«አልዞረም» አልኩ ቀስ ብዬ።

ጠበቅን። አህዮቹ አለፉ።

«አሁን ዞረ።»

«ዓይኔ ከጠፋ ከርሟል» አሉ። «ልጆቹን ቁርአን የምታስቀራው እሷ ነበረች። እኔ በር ላይ መጽሐፍ ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ወላጆች ሲያመሰግኑ 'ሸሁ ናቸው' ትላለች። ለእናቷም፣ ለአንተም አልተነፈሰች። ሰው እንዳይንቀኝ ብላ። ይኼን ነው ለሴትዮዋ የነገርኳት።»

«ሌላስ?»

«ከወሰዳችኋት ቤቴ መዘጋቱ ነው አልኳት። ቢሆንም ውሰዷት። እንዲህ ያለች ልጅ ቁርአን አስቀርቼ አላውቅም አልኳት።»

ሳልቆጣ ማዘን አልችልበትም። «ታዲያ አሁን ልጆቹን ማን ሊያስቀራ ነው?» ብዬ ጮኽኩ። «ይኼን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አሉ? ደሴ የዓይን ሐኪም የለም? ነገውኑ ይዤዎት ባልሄድ...»

«አትጩህ፤ ገበያተኛው ያየናል። ሐኪሙን እሺ፣ እንሄዳለን። ለልጆቹ ደግሞ፣ ሩፋይዳ ሳትነግረኝ አርዋን ስታለማምድልኝ ነው የከረመችው። አርዋ ማስቀራት ከጀመረች ሳምንቷ ነው።»

«አርዋ? እንዴት ናት ታዲያ?»

ይኼኔ አርዋ ከመንገዱ ተመልሳ መጥታ የሸሁን ክንድ ያዘች። እሳቸውም እጇን በእጃቸው ዳበሱና ማን እንደሆነች ዐወቁ።

«ልጅ ናት» አሉኝ ጮክ ብለው። «ገና ናት።»